ዴንማርካውያንና የዩጋንዳ ሰዎች በባዕድ አገር

ባለፈው ዓመት በተማሪዎች የክርክር ማታ አንድ ጓደኛችን ተነሥቶ፥ «ዴንማርካዊን የትም ብትወስደው ቅቤ ያወጣል፤ ከዩጋንዳ የመጣውን ሕንድ የትም ብትወስደው ሱቅ ይከፍታል፤ የሰው ዕድሉ ከደሙ ነው» ሲል ተናገረ። አዳራሹ ሳቀ፤ አጨበጨበለትም። እኛም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበርን። ወደ መኝታ ክፍላችን ከተመለስን በኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣን። ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ሳለ፥ ከሥሩ ያለው ሐሳብ አንዱ ሕዝብ በተፈጥሮው ባለጸጋ፥ ሌላው በተፈጥሮው ድኻ ነው ወደሚል ፍርድ ያደርሳል። ይህንንም ፍርድ የተቀበለ መንግሥት ገና በኬላ ላይ ሳለ «ይህኛው ይግባ፥ ያኛው ይመለስ» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የሁለቱን ወገኖች ታሪክ ጎን ለጎን አድርገን ልንመረምር አሰብን፤ ይኸውም በ19ኛው ምእት ዓመት ወደ አሜሪካ የፈለሱትን ዴንማርካውያንና በ1972 ከዩጋንዳ ተባረው ወደ እንግሊዝ አገር የገቡትን እስያውያን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

በመጀመሪያ የቅቤውን ነገር እንመልከት። ዴንማርክ በ1864 ከፕሩስያና ከኦስትሪያ ጋር ባደረገችው ጦርነት ተሸንፋ ሽሌስቪግንና ሆልስታይንን ጨምሮ ከግዛቷ ከሲሶ ያላነሰውን አጣች። በሰሜን ሽሌስቪግ ይኖሩ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በፕሩስያ ጦር ውስጥ ላለማገልገል ሲሉ ባሕር ተሻገሩ። ይሁን እንጂ ከጠቅላላው ፈላሲ የሚበዛውን ያስወጣው ጦርነቱ ሳይሆን የመሬት ጥበት ነው። የሕዝቡ ቍጥር እያደገ ሲሄድ ከሎሌና ከትንሽ ገበሬ ቤት ለተወለደው ልጅ የሚያርሰው አልተረፈለትም። ከ19ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ አንሥቶ እስከ 1920ዎቹ ድረስ 300 ሺሕ ያህል ዴንማርካውያን ወደ አሜሪካ እንደ ተሻገሩ ይቈጠራል።

ታዲያ በ1860ዎቹ የወጡት ሰዎች የቅቤን ንግድ ገና አያውቁትም ነበር። በዚያን ጊዜ ዴንማርክ ለውጭ አገር የምትሸጠው ዋና ነገር እህል ነበረ። በ1870ዎቹ ከአሜሪካና ከሩስያ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ የሚጓዝ ርካሽ እህል የአውሮፓን ገበያ ባጥለቀለቀው ጊዜ ግን የእህል ዋጋ ወደቀ፤ የዴንማርክም ገበሬ ፊቱን ወደ ላምና ወደ አሳማ መለሰ። በማኅበር የቆመው የመጀመሪያው የወተት ፋብሪካ በምዕራብ ዩትላንድ ሄዲንግ በምትባል መንደር የተከፈተው በ1882 ነው። ይኸው የማኅበር ሥርዓት በ1890 ሚኔሶታ ውስጥ ክላርክስ ግሮቭ በተባለች የዴንማርካውያን መንደር ተተከለ፤ ከዚያም በአካባቢው ላሉት ገበሬዎች ምሳሌ ሆነ። እንግዲህ ጓደኛችን ከደም የመጣ ነው ያለው ጥበብ ዕድሜው ከባቡር ሐዲድ ያንሳል ማለት ነው፤ ያስተማረውም የገበያ ውድቀት ነው።

እነዚህ ሰዎች በእጃቸው የያዙት ገንዘብ ጥቂት ነበር። ነገር ግን ዴንማርክ የሕፃናትን ትምህርት ግዴታ ያደረገችው በ1814 ስለ ነበረ፥ ከሎሌው ልጅ ጀምሮ ማንበብ ያውቁ ነበር። በአሜሪካም የጠበቃቸው በር ሰፊ ነበር። በ1862 የወጣው የመሬት ሕግ በቦታው አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው ከጥቂት የመዝገብ ክፍያ በቀር ያለ ዋጋ 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። ይህም ወደ 65 ሄክታር ስለሚጠጋ፥ በእኛ አገር ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። (መሬቱ ባለቤት አልነበረውም ማለታችን አይደለም። የአገሩ ተወላጆች ተገፍተው የተለቀቀ መሬት ነው፤ ስለዚህም የፈላሲው መልካም ዕድል የሌላው መከራ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም።)

ከሁሉ ይልቅ ያስተዋልነው ይህ የመሬት ስፋት በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ያደረገውን ነገር ነው። አንድ ቤተሰብ 160 ኤከር ሲይዝ ጎረቤቱ ግማሽ ማይል ርቆ ይቀመጣል፤ ያም ጎረቤት ኖርዌያዊ ወይም ጀርመናዊ ወይም አየርላንዳዊ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ ከዚያም እርስ በርስ ይጋባሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን አይተው ፈሩ። የግሩንትቪግ ተከታዮች በ1878 በአዮዋ ግዛት በኤልክ ሆርን፥ በ1888 ደግሞ በሚኔሶታ በታይለር የሕዝብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አቆሙ፤ በ1896 በዴ ሞይን ከተማ ግራንድ ቪው የተባለውን ኮሌጅ ከፈቱ። ይሁን እንጂ በ1894 ቤተ ክርስቲያናቸው ራሱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ዘፈንንና የአገርን ባህል ከእምነት ጋር አስማምቶ ለመያዝ ሲፈልግ፥ ሁለተኛው ወገን ንስሐንና ጥብቅ ኑሮን አስቀደመ፤ ሕዝቡም «ደስተኞቹ» እና «ቅዱሳኑ» ዴንማርካውያን እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ወደ ዩታ የሄዱት ደግሞ ሦስተኛ ወገን ናቸው። የሞርሞን ሰባክያን በ1850 ኮፐንሀገን ገብተው ብዙ ሰው ስለ ሳቡ፥ በሳንፒት ሸለቆ የሠፈሩት ዴንማርካውያን አንድነታቸውን ያገኙት ከአዲሱ እምነታቸው እንጂ ከአገራቸው አልነበረም።

የቀረውን ሥራ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈጸመው። በግንቦት 1918 የአዮዋ አገረ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፥ በቤተ ክርስቲያን፥ በአደባባይ፥ በቴሌፎን እንኳ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር አዋጅ አወጣ። አዋጁ የታሰበው በጀርመኖች ላይ ነበረ፤ የዴንማርክ አሮጊት ግን ልጅዋን ለመቅበር እንኳ በማታውቀው ቋንቋ ስብከት መስማት ግድ ሆነባት። ትእዛዙ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢሻርም፥ ከዚያ በኋላ ቋንቋው በፍጥነት ወደ ኋላ አለ። እንግዲህ የዴንማርካውያን ውጤት በሀብት በኩል ሲታይ መልካም ነው ይባላል፤ የተከፈለበት ዋጋ ግን የቋንቋቸው ከልጅ ልጆቻቸው አፍ መጥፋት ነው። ሁሉም ባለ መሬት እንዳልሆኑም እናስታውስ። ከሪበ ከተማ በ1870 የሄደው ያዕቆብ ሪስ በኒው ዮርክ ሥራ አጥቶ በፖሊስ ጣቢያ ማደሪያ ከለማኞች ጋር ሲያድር ኖሮ፥ ኋላ ጋዜጠኛ ሆኖ በ1890 ስለ ከተማዋ ድኾች የጻፈው መጽሐፍ ስሙን አስጠራው።

አሁን ወደ ዩጋንዳ እንሻገር። እንግሊዞች ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርሰውን የባቡር ሐዲድ በ1896 ጀምረው በ1901 ሲያደርሱ 32 ሺሕ ያህል ሠራተኞች ከሕንድ በውል አስመጥተው ነበር። ከእነዚህ 2500 የሚሆኑት ሞቱ፤ የሚበዙትም ውላቸውን ጨርሰው ተመለሱ። ስለዚህ የዩጋንዳ ባለሱቆች የሐዲድ ሠራተኞች ልጆች ናቸው የሚለው ወሬ በአብዛኛው ስሕተት ነው። ባለሱቆቹ ሐዲዱን ተከትለው ከጉጃራት የመጡ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም ስመ ጥሩው አሊዲና ቪስራም፥ ገና በልጅነቱ ወደ ዛንዚባር ተሻግሮ፥ ከባሕር ዳር እስከ ዩጋንዳ ድረስ ሱቆችን በተርታ ዘረጋ። (እንዲህ ያለው የሕንድ ነጋዴ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የመሐመድ አሊን ንግድ ቤት የአዲስ አበባ ሽማግሌዎች ሁሉ ያውቁታል። እርሱንም ኢጣልያኖች በ1937 ከአገር አባረውታል።)

ልብ በሉ፤ ከጉጃራት ከመጡት ብዙዎቹ፥ በተለይም ፓቴል የሚባሉት፥ በአገራቸው ነጋዴዎች ሳይሆኑ ገበሬዎች ነበሩ። በዩጋንዳ ግን የቅኝ ግዛቱ ደንብ የገጠርን መሬት ለባዕድ ማስተላለፍን አጥብቆ ይገድብ ነበር። ማረስ የተከለከለ ገበሬ ሚዛን ያዘ። ጥቂቶቹም እንደ ማድቫኒና እንደ መህታ ቤተሰብ ያሉት ታላላቅ የስኳር እርሻና ፋብሪካ እስከ ማቆም ደረሱ። ጥጥ የሚፈለቀቅበትን መኪናና የገጠሩን ችርቻሮ በብዛት የያዙት እስያውያን ስለ ነበሩ፥ ጥጡን የሚያመርተው አፍሪካዊ ገበሬ በዋጋው በኩል ሁልጊዜ ከእነርሱ ጋር ይጋፈጥ ነበር። በ1959 በቡጋንዳ የእስያውያን ሱቅ እንዳይገዛበት የተደረገው ማዕቀብ ከዚሁ ቅሬታ የተነሣ ነው። ቅሬታው እውነተኛ ነበር፤ ኢዲ አሚን ያደረገው ነገር ግን መፍትሔ ሳይሆን ዘረፋ ሆነ።

አሚን በነሐሴ 1972 እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። አንድ ቤተሰብ ይዞ እንዲወጣ የተፈቀደለት 50 ፓውንድ ያህል ብቻ ነበር። ሱቁ፥ ቤቱ፥ መኪናው ሁሉ ቀረ። ወደ እንግሊዝ አገር የገቡት 28 ሺሕ ያህል ናቸው። ብዙዎቹ የእንግሊዝ ፓስፖርት የነበራቸው ቢሆንም፥ በ1968 የወጣው ሕግ ይህንኑ ፓስፖርት ያለ ልዩ ፈቃድ ወደ አገሩ የማያስገባ ወረቀት አድርጎት ነበር። በለንደን የስሚዝፊልድ ሥጋ ገበያ ተሸካሚዎች ስደተኞቹ እንዳይገቡ ሰልፍ ወጡ። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት ደግሞ በካምፓላ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ገንዘብ ከፍሎ፥ «ወደ እኛ አትምጡ፤ ቤትም ትምህርት ቤትም ሞልቷል» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመው የመንግሥት ቦርድ ስደተኞቹን በቀድሞ የጦር ሰፈሮች ካሳረፈ በኋላ፥ አገሩን «ቀይ» እና «አረንጓዴ» ብሎ ከፍሎ ከቀዩ እንዲርቁ መከራቸው። ሌስተር ቀይ ነበረች። እነርሱ ግን ዘመድ ወዳለበት ወደ ሌስተር ሄዱ።

በዚያም የጠበቃቸው ሱቅ አልነበረም። በካምፓላ ሦስት ጸሐፊ የነበረው ሰው የሹራብ ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ገባ፤ ከቤት ወጥታ ለደመወዝ ሠርታ የማታውቅ ሚስቱም በስፌት መኪና ላይ ተቀመጠች። በግንቦት 1974 በኢምፔሪያል የጽሕፈት መኪና ፋብሪካ የሚሠሩ እስያውያን፥ ከነጮቹ ባልደረቦቻቸው እኩል ቦነስ አይሰጠንም ሲሉ ሥራ አቆሙ። አድማው ሦስት ወር ያህል ቈየ፤ የአካባቢው የሠራተኞች ማኅበር ሹም ሊደግፋቸው አልወደደም፤ ፋብሪካውም በሚቀጥለው ዓመት ተዘጋ። «በተፈጥሮው ባለሱቅ» የተባለው ሰው አድመኛ ወዛደር የሆነበትን ይህን ታሪክ ጓደኛችን አልጠቀሰልንም። የሌስተርን የቤልግሬቭ መንገድ በጌጣጌጥና በሳሪ ሱቆች ያስጌጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ከፋብሪካ ደመወዝ በተቈጠበ፥ ከዘመድም በተበደሩት ገንዘብ፥ ባልና ሚስት እስከ ሌሊት እየሠሩ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ስናስተያይ፥ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ትርፋቸውን ያገኙት ጉምሩክ ሊወርሰው በማይችል ንብረት ነው። የዴንማርኩ ገበሬ ማንበብንና የማኅበር ሥርዓትን፥ የካምፓላው ነጋዴ እንግሊዝኛን፥ ሒሳብ አያያዝንና የዘመድ አደራን ይዘው ወጡ። የሚለያቸው በሩ ነው። መሬት ሰውን ይበትናል፤ ፋብሪካና ሱቅ ያሰባስበዋል። በሜዳው የተበተነው ዴንማርካዊ ቋንቋውን አጣ፤ በአንድ መንገድ ዳር የተሰበሰበው ጉጃራቲ ግን ጠበቀ፤ በዚያም ምክንያት ለብዙ ዓመታት በጎረቤቱ ዓይን እንግዳ ሆኖ ኖረ። የትኛው ዋጋ እንደሚከብድ ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን «ፈጥነው ተዋሐዱ» እየተባሉ የሚመሰገኑት ዴንማርካውያን መልካቸው ከጎረቤቶቻቸው ስለማይለይ ይህ እንደ ቀለለላቸው ሳይነገር መታለፉ አግባብ አይመስለንም።

ለደሙ ነገር ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሚሆነን በዚያው በ1972 የተለያዩ ቤተሰቦች ዕጣ ነው። ሚስት የእንግሊዝ ፓስፖርት ኖሯት ባል የየትኛውም አገር ዜጋ ሳይሆን የቀረበት ቤት ብዙ ነበር። ሚስትና ልጆች ሌስተር ወይም ለንደን ሲገቡ፥ ባል በኦስትሪያ ወይም በኢጣልያ ወይም በማልታ በሚገኝ የስደተኞች ማረፊያ ቀረ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ባሎቹ እንዲገቡ የፈቀደውም በ1974 ነው። ደሙ አንድ ነበር፤ ደብተሩ ተለየ።

በመጨረሻም «የዩጋንዳ ስደተኛ» ሲባል እስያዊው ብቻ አለመሆኑን ማንሣት ይገባናል። አሚን ከእስያውያን ይልቅ እጅግ የሚበዙ አፍሪካውያንን ገድሏል። ዳኛ የነበሩት ጆን ሴንታሙ በ1974 ሸሽተው እንግሊዝ አገር ገቡ፤ በካምብሪጅ የነገረ መለኮት ትምህርት ተማሩ፤ በ2005 የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ከእርሳቸው በኋላ በ1980ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹት ግን አብዛኞቹ አንድ በአንድ የመጡ ናቸው። የሚቀበላቸው ቦርድ አልተቋቋመም፤ ሱቅ የሚያበድራቸው የቀደመ ዘመድም ጥቂት ነበር፤ ጥገኝነት እስኪፈቀድላቸውም በየቢሮው ደጅ ጠኑ። በእንግሊዝ የሕዝብ ቈጠራ መዝገብ «በዩጋንዳ የተወለዱ» የሚለው ዓምድ እነዚህንና የቤልግሬቭን ባለሱቅ በአንድ ድምር ያስቀምጣቸዋል፤ የባለሱቁ ልጅ ግን ሌስተር ስለ ተወለደ በዚያ ዓምድ ውስጥ የለም።