ባለጸጋው ዕጩ በድኻ ግዛት
(በሬዲዮ ከተነገረው የታሪክ ንግግር የተወሰደ)



በአንድ አገር ፋብሪካው ሲዘጋ፥ እርሻውም ሠራተኛ የማይፈልግ ሲሆን፥ ወጣቱም ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ክፍል ሲሰደድ፥ ሕዝቡ ፊቱን ከፖለቲካ ሰዎች አዙሮ ሀብታሙን ነጋዴ መመልከት ይጀምራል። «የራሱን ኩባንያ እንዲህ ያበለጸገ ሰው የእኛን ግዛት ማቃናት እንዴት ያቅተዋል?» ይላል። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል፤ «ይህን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ከእኛ ዘንድ ምን ፈልጎ መጣ?» ሲል ይጠራጠራል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ለአገረ ገዥነት የሚወዳደር ባለጸጋ ዘወትር በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል የቆመ ነው። ዛሬ ነገሩን የምንመረምረው በተለይ በአርካንሳስ ግዛት በተፈጸመው ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርካንሳስ በደቡብ የምትገኝ፥ ኑሮዋ በጥጥ እርሻ ላይ የተመሠረተ ግዛት ነበረች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጥጥ የሚለቅመው መኪና በመጣ ጊዜ፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ገበሬ ሥራ ፈትቶ ወደ ሰሜን ከተሞችና ወደ ካሊፎርኒያ ጎረፈ። በ1940 የግዛቱ ሕዝብ 1,949,387 ነበር፤ በ1950 ወደ 1,909,511 ዝቅ አለ፤ በ1960 ደግሞ 1,786,272 ሆነ። አሜሪካ በጠቅላላው በሕዝብም በሀብትም ባደገችባቸው በነዚያ 20 ዓመታት፥ ይህች አንዲት ግዛት ከ160,000 በላይ ሰው ማጣትዋ ምን ያህል እንደ ተዳከመች ያስረዳል።

ሚስተር ዊንትሮፕ ሮክፌለር ወደዚህች ግዛት የመጡት በ1953 ነው። አያታቸው የስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ መሥራች የነበሩትና በሀብታቸው ስማቸው በዓለም የተሰማው ጆን ሮክፌለር ናቸው። ዊንትሮፕ በ1912 በኒው ዮርክ ተወለዱ። የዬል ዩኒቨርሲቲን ትምህርት ሳይጨርሱ ትተው በቴክሳስ የነዳጅ ዘይት ጉድጓዶች ሠሩ፤ ጦርነቱም በመጣ ጊዜ በተራ ወታደርነት ገብተው እስከ ሌተና ኮሎኔልነት ደረሱ። በ1945 በኦኪናዋ አጠገብ የጃፓን አውሮፕላን መርከባቸውን በመታ ጊዜ ቆስለዋል። ወደ አርካንሳስ እንዲመጡ የጋበዙዋቸውም አንድ የጦር ሠራዊት ጓደኛቸው ነበሩ።

ፔቲ ጂን በሚባለው ተራራ ላይ ሰፊ መሬት ገዝተው፥ ውሃ ከታች ወደ ላይ በቧንቧ አስወጥተው፥ ሳንታ ገርትሩዲስ የሚባለውን የከብት ዘር ማርባት ጀመሩ። በሞሪልተን ከተማ ለትምህርት ቤት፥ በፔሪ አውራጃ ለክሊኒክ ገንዘብ ሰጡ። እስከዚህ ድረስ ያለው ማንኛውም ደግ ባለጸጋ ሊያደርገው የሚችል ነው። በ1955 ግን አገረ ገዥው ኦርቫል ፎበስ አዲስ ለተቋቋመው የኢንዱስትሪ ልማት ኮሚሽን ሊቀ መንበር አድርገው ሾሙዋቸው። የኮሚሽን ሥራ ምን እንደ ሆነ ለመሥሪያ ቤት ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ደብዳቤ መጻፍ፥ ቀጠሮ መያዝ፥ እምቢ ያለውን ሰው ደጋግሞ ማግባባት ነው። ሚስተር ሮክፌለር ይህን ሥራ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሠሩ። በዚህም ጊዜ ከ600 በላይ ፋብሪካዎች ወደ ግዛቱ እንደ ገቡና ከ90,000 በላይ የሥራ ቦታ እንደ ተገኘ ተመዝግቧል። ፋብሪካዎቹ ሁሉ በእሳቸው ጥረት ብቻ መጡ ማለት አይቻልም፤ ርካሽ የሰው ጉልበትም የሳባቸው ነበሩ። ሆኖም የሮክፌለር ስም የተጻፈበትን ደብዳቤ ሳያነብ የሚጥል የኩባንያ ሹም እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

በመካከሉ የ1957 ችግር መጣ። በሊትል ሮክ ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ፎበስ የግዛቱን ብሔራዊ ዘብ አሰለፉ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም 101ኛውን የአየር ወለድ ክፍለ ጦር ልከው ተማሪዎቹን አስገቡ። ሚስተር ሮክፌለር አገረ ገዥው በነገሩ ጣልቃ እንዳይገቡ አስቀድመው ለምነዋቸው ነበር። ይህን ያደረጉት ስለ ፍትሕ ብቻ ሳይሆን፥ ወታደር በትምህርት ቤት ደጃፍ በቆመበት ከተማ ፋብሪካ የሚተክል ሰው እንደማይገኝ ስላወቁም ነበር።

በ1964 ሥራቸውን ለቀው፥ በሪፑብሊካን ፓርቲ ስም ከሾሙዋቸው ከፎበስ ጋር ለአገረ ገዥነት ተወዳደሩ። በዚያች ግዛት ከ1874 ወዲህ ሪፑብሊካን አገረ ገዥ አልነበረም፤ ፓርቲው ከስም በቀር እምብዛም አልነበረውም፤ ባለጸጋው ቢሮ ከፍተው፥ ሠራተኛ ቀጥረው እንደገና ሊያቋቁሙት ግድ ሆነባቸው። ፎበስ ግን በተራራማው ክፍል በድኽነት ያደጉ፥ የገበሬውን አነጋገር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሮክፌለር በአደባባይ ንግግር አይሳካላቸውም ነበርና ተቃዋሚዎቻቸው «የኒው ዮርክ እንግዳ» ሲሉዋቸው ጥሩ መልስ አላገኙም። ውጤቱም ለፎበስ 337,489፥ ለሮክፌለር 254,561 ድምፅ ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውዬው ያው ነበሩ፤ ገንዘባቸውም ያው ነበር። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ፎበስ ከስድስት የሥልጣን ዘመን በኋላ ለመወዳደር አልፈለጉምና መንበሩ ባዶ ሆነ። ዴሞክራቶቹ በውስጥ ምርጫቸው ያቀረቡት የዘር ልዩነትን አጥብቀው የሚደግፉትን፥ ቀድሞ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩትን ጂም ጆንሰንን ነበር፤ በዚህም ብዙ ለዘብተኛ ዴሞክራቶች ቅር ተሰኙ። ድምፅ ለመስጠት ይከፈል የነበረው ግብር በ1964 በሕዝብ ውሳኔ ስለ ቀረ፥ ድኻውና ጥቁሩ ሕዝብ ያለ ክፍያ መመዝገብ ቻለ። የሮክፌለር ገንዘብ እውነተኛ ጥቅም የሰጠው በዚህ ጊዜ ነው። መራጮችን ለማስመዝገብ፥ የሕዝቡን ሐሳብ ለመጠየቅና ስም ዝርዝሩን በኮምፒዩተር ለማደራጀት ዋለ፤ ይህም በዚያ ዘመን በአርካንሳስ አዲስ ነገር ነበር። ሮክፌለር 306,324፥ ጆንሰን 257,203 ድምፅ አገኙ፤ አብዛኛው ጥቁር መራጭም ድምፁን የሰጠው ለባለጸጋው ነበር።

አገረ ገዥ ከሆኑ በኋላ የሠሩት ሥራ ጥቂት አይደለም። በሆት ስፕሪንግስ ከተማ በግልጽ ይካሄድ የነበረውን ሕገ ወጥ ቁማር በፖሊስ አስዘጉ፤ እስረኞች ይገረፉባቸው የነበሩትን የእስር ቤት እርሻዎች ጉድ ለሕዝብ ገለጡ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ጊዜ በሚያዝያ 1968 በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ከጥቁሮችና ከነጮች ጋር ቆመው ጸሎት አደረጉ፤ ከደቡብ አገረ ገዥዎች ይህን በአደባባይ ያደረጉ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ነገር ግን የሕግ መወሰኛውም ሆነ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት በዴሞክራቶች እጅ ነበርና በሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው ትምህርት ቤቶችንና የመንግሥት ሥራዎችን ለማሻሻል ግብር እንዲጨመር ያቀረቡት እቅድ አብዛኛው ወደቀ። በኩባንያ ትእዛዝ ሰጥቶ የለመደ ሰው ለምኖ ማሳመን የሚጀምርበት ቦታ ይህ ነው፤ ሚስተር ሮክፌለርም በዚህ ከመላው ሥራቸው ይልቅ ደከሙ። በ1968 በጠባብ ልዩነት ሁለተኛ ቢመረጡም፥ በ1970 ዴሞክራቶቹ ዴል በምፐርስ የተባሉትን፥ በሕዝብ ዘንድ እምብዛም ያልታወቁትን የትንሽ ከተማ ጠበቃ አቀረቡ። ለዘመቻቸው ከብቶቻቸውን የሸጡት እኚህ ጠበቃ 375,648፥ በከብት እርባታቸው ስመ ጥር የሆኑት ባለጸጋ 197,418 ድምፅ አገኙ። ሮክፌለር ሥልጣናቸውን ከመልቀቃቸው በፊት ሞት የተፈረደባቸውን 15 እስረኞች ሁሉ የሞት ፍርድ ለወጡ፤ በየካቲት 1973ም በ60 ዓመታቸው አረፉ።

የወንድማቸው ልጅ ጄይ ሮክፌለርም ይህንኑ መንገድ በዌስት ቨርጂኒያ ሄደውበታል። የድንጋይ ከሰል ማውጫዎቹ ሠራተኛ እየቀነሱ ወደ ነበሩበት ወደዚያ ግዛት የመጡት በ1964 ነው፤ በ1972 ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው በሥልጣን ላይ በነበሩት በአርች ሙር ተሸነፉ። ተራራ እየገፈፉ ከሰል ማውጣት ይከልከል ማለታቸው፥ እንጀራዬ ይቀርብኛል ብሎ የሰጋውን ሠራተኛ አስኰርፎባቸው ነበር። በ1976 ሕጉ ሙር ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይወዳደሩ ስለ ከለከለ መንበሩ ባዶ ሆነ፤ ጄይም ያን ሐሳባቸውን አለዝበው አሸነፉ።

በሚቺጋንም በ2006 የመኪና ፋብሪካዎቹ በሚዳከሙበት ጊዜ የአምዌይ ኩባንያ ባለጸጋ ዲክ ዴቮስ ከኪሳቸው ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው፥ በሥልጣን ላይ በነበሩት በጄኒፈር ግራንሆልም ተሸነፉ። ከአራት ዓመት በኋላ የግራንሆልም ዘመን አልቆ መንበሩ ሲለቀቅ፥ ሌላው የንግድ ሰው ሪክ ስናይደር በቀላሉ አሸነፉ። ሦስቱም ግዛቶች አንድ ነገር ያሳያሉ፤ ባለጸጋው በሥልጣን ላይ ካለ ሰው ጋር ሲታገል ወድቋል፤ መንበሩ ባዶ ሲሆን ግን ተነሥቷል።

ይህም ቢሆን የማይሻር ሕግ አይደለም። በዚያው በ2010 በካሊፎርኒያም መንበሩ ባዶ ነበር፤ ግዛቱም በበጀት ጉድለት ተጨንቆ ነበር። የኢቤይ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሜግ ዊትማን ከራሳቸው ሀብት ከ140 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ። ሕዝቡ ግን ከ1975 እስከ 1983 አገረ ገዥው የነበሩትን፥ ጠባያቸውን አስቀድሞ የሚያውቀውን ጄሪ ብራውንን መልሶ መረጠ።