የአናሲሞስ ዕዳ

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት አናሲሞስን እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም አድርጎ እንዲቀበለው ለመነው፤ ዕዳም ቢኖርበት ራሱ ሊከፍል ዋስ ሆነለት። የዚህም ነገር ምሥጢር በአሜሪካ አገር በሥራ ታየ።

ጆን ግሎስተር የሚባል ጥቍር ሰው በቴነሲ በባርነት ይኖር ነበር። ጌዴዎን ብላክበርን የተባለው የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ትጋቱን አይቶ ገዛው፥ ትምህርትም አስተምሮ ነጻ አወጣው። እርሱም ወደ ፊላደልፊያ ከተማ ሄዶ በአደባባይ ይሰብክ ጀመረ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1807 ዓ. ም. በዚያች አገር የጥቍሮች መጀመሪያ የሆነችው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በእርሱ ስብከት ተመሠረተች።

ነገር ግን እርሱ ነጻ ሲሆን ሚስቱና ልጆቹ ገና በባርነት ነበሩ። ስለዚህ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ሰበከ፥ ገንዘብም ለመነ፤ 1,500 ዶላር ከፍሎም ዋጃቸው። ከልጆቹም አራቱ እንደ አባታቸው ሰባክያነ ወንጌል ሆኑ። ግሎስተርም በ1822 ዓ. ም. ዐረፈ።

የፕሬስቢቴሪያን ጠቅላላ ጉባኤ በ1818 ዓ. ም. ባርነት ከእግዚአብሔር ሕግ ጋራ እንደማይስማማ መሰከረ፤ ዳሩ ግን ባሪያ የያዙትን ምእመናን ሁሉ ከማኅበሩ አልለየም። ጉባኤው ቃሉን ተናገረ፤ ዋጋውን ግን የከፈለው ድኻው ሰባኪ ነው።

እንግዲህ ጳውሎስ ዕዳውን በራሱ ላይ ያደረገው ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ወንድምነት በአፍ ብቻ እንዳይቀር ነው። ወንድሜ ብሎ የሚጠራ ሰው የወንድሙን ዕዳ ከራሱ ሣጥን ሊከፍል ይገባዋል።