ደጅ ሳይሳሳቱ፣ ቀን ሳያሳልፉ፦ ዜጎች ስለ ፍትሕ ሥርዓቱ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላል የሀገሬው ሰው። ትልቁን ንብረት በፍርድ ማጣት፣ ትንሹን ያለ ፍርድ ከመነጠቅ ይቀላል ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ ፍርድ የሚያገኘው የት እንደሚጠየቅና እስከ መቼ እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው ነው። ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ የሚወጣ ባለጉዳይ የተሳሳተ ደጅ ከጠና፣ ከድካሙና ከስንቁ በተጨማሪ ሕጉ የሰጠው ቀን አብሮ ያልቅበታል። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ዳኛ ፊት ቀርቦ ተረትቶ ሳይሆን፣ ዳኛ ፊት ሳይደርስ ነው።

ዜግነትና ሕግን ማወቅ

በአንዳንድ ሀገሮች ዜጋ መሆን የሚሻ የውጭ ሰው ስለ ሀገሪቱ የፍትሕ ሥርዓት ይጠየቃል። አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለዜግነት ሲያመለክቱ የፍርድ ቤቶች ሥራ ምን እንደሆነ፣ የሀገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የትኛው እንደሆነ አጥንተው ይቀርባሉ።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የዜግነት ሕግ ያወጣችው በ1922 ዓ.ም. ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይደነግጋል። በሕግ ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው ግን ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በኢትዮጵያ ቢያንስ 4 ዓመት የኖረ፣ በቂና ሕጋዊ ገቢ ያለው፣ በመልካም ጠባይ የሚታወቅና በወንጀል ያልተቀጣ መሆን አለበት። ከሀገሪቱ ብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻልም ይጠበቅበታል። አዋጁ ቋንቋዎቹን አላበላለጠም፤ ስለዚህ ኽምጣና ተናጋሪ የሆነ አመልካች በዚህ መስፈርት ከአማርኛ ተናጋሪው አያንስም። በመጨረሻም ለሀገሪቱ ታማኝ ለመሆንና ሕገ መንግሥቱን ለማክበር ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

በትውልድ ዜጋ የሆነውን ሰው ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚፈትነው የለም። የእርሱ ፈተና የሚመጣው መሬቱ የተገፋ፣ ልጁ የታሰረ ወይም መጥሪያ የደረሰው ዕለት ነው።

ዳኝነትና አስተዳደር ይለያያሉ

በቀደመው ዘመን ገዢውም ዳኛውም አንድ ሰው ነበር። ግብር የሚሰበስበው ሹም ችሎትም ያስችል ነበር። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ግን የዳኝነት ሥልጣንን ለፍርድ ቤቶች ብቻ ሰጥቷል። በአንቀጽ 79 መሠረት ዳኞች ሥራቸውን በሙሉ ነጻነት ያከናውናሉ፤ የሚመሩትም በሕግ ብቻ ነው። አንቀጽ 37 ደግሞ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም ሕግ የመዳኘት ሥልጣን ለሰጠው አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ያረጋግጣል።

የቀበሌ ወይም የወረዳ አስተዳዳሪ የፍርድ ቤትን ውሳኔ ሊሽር አይችልም። በውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው ወደ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ይዞ ቢመላለስ የይግባኝ ጊዜውን ያሳልፋል፤ አቤቱታው የይግባኝ ቀንን አያቆምምና። ቅሬታው በዳኛው ጠባይና ሥነ ምግባር ላይ ከሆነ የሚቀርበው ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የአስተዳደር በደል ከሆነ ደግሞ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያሉት የቅሬታ ደረጃዎች ከተሞከሩ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል።

ከወረዳ እስከ ሰበር

በአማራ ክልል መደበኛ ፍርድ ቤቶች ሦስት ደረጃ አላቸው። የመጀመሪያው የወረዳ ፍርድ ቤት ነው። የአርሶ አደሩ አብዛኛው ጉዳይ፣ ማለትም የገጠር መሬት ይዞታ፣ የቤተሰብና የቀለብ ክርክር እንዲሁም ቀለል ያሉ ወንጀሎች፣ የሚጀመረው እዚሁ ነው። የድሃና አርሶ አደር አምደወርቅ፣ የጋዝጊብላው አስከተማ፣ የአበርገሌው ኒሯቅ፣ የዝቋላው ጽጽቃ ላይ ጉዳዩን ይጀምራል እንጂ ከመነሻው ሰቆጣ ድረስ መምጣት አይጠበቅበትም።

ሁለተኛው ደረጃ ሰቆጣ ላይ የሚያስችለው የብሔረሰብ አስተዳደሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከወረዳ ፍርድ ቤቶች የሚመጣ ይግባኝ ያያል፤ ከባድ ወንጀሎችንና ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠየቅባቸውን ክሶችም በመጀመሪያ ደረጃ ይመለከታል። ሦስተኛው መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

ከእነዚህ በላይ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። ሰበር ተጨማሪ ይግባኝ አይደለም። ምስክር አይሰማም፤ ድንበሩ በዋርካው በኩል ነው ወይስ በወንዙ በኩል የሚለውን ፍሬ ነገርም እንደ አዲስ አይመረምርም። የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ያለ ምስክርና ያለ ሰነድ የተጀመረ ክርክር ሰበር ላይ ይቃናል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ማስረጃ ሁሉ ተሟልቶ መቅረብ ያለበት በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ነው። ክልሉ የራሱ ሰበር ችሎት አለው፤ ሕጉ በሚፈቅደው መጠንም ጉዳዩ አዲስ አበባ ወደሚገኘው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል። ይህ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። የሕገ መንግሥት ትርጉም ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ያመራል።

አንድ ጠብ፣ ሁለት መዝገብ

አንድ የጋዝጊብላ አርሶ አደር ክረምቱ ሲገባ ጎረቤቱ ድንበሩን ገፍቶ አረሰበት እንበል። ለምን ብሎ ሲጠይቀውም በዱላ መታው። በገጠር ይህ እንደ አንድ ጠብ ይቆጠራል፤ በሕግ ግን ሁለት ጉዳይ ነው።

ድንበሩ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ባለይዞታው ራሱ ከሳሽ ሆኖ፣ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ለወረዳው ፍርድ ቤት ያመለክታል። የሚይዘው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን፣ አዋሳኞቹን የሚያውቁ ምስክሮችን፣ ካለም የኪራይ ወይም የስጦታ ውሉን ነው። ደብተሩ በባልና ሚስት ስም የወጣ ከሆነ ሚስት በመሬቱ ላይ ያላት መብት ከባሏ እኩል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ደብተሩ በግጭት ወይም በመፈናቀል የጠፋበት ባለይዞታም መብቱ ከወረቀቱ ጋር አልጠፋም፤ በመዝገቡ መሠረት ምትክ እንዲሰጠው የወረዳውን የመሬት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላል።

ድብደባው የወንጀል ጉዳይ ነው። የሚቀርበው ለፖሊስ ነው፤ የሕክምና ማስረጃም ወዲያውኑ መያዝ አለበት። ፖሊስ ይመረምራል፤ ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ጥፋተኛነትን የሚወስነው ዳኛ ነው። ተበዳዩ በወንጀሉ መዝገብ ላይ ምስክር እንጂ ከሳሽ አይደለም። ተከሳሹ ቢቀጣም ድንበሩ በዚያ መዝገብ አይመለስም። ፖሊስ ጣቢያ አመልክቻለሁና መሬቴም ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቀኑ የሚያልፍበት እዚህ ላይ ነው።

ሊቆጠሩ የሚገባቸው ቀናት

ሕጉ ለእያንዳንዱ እርምጃ ጊዜ ወስኗል። ከሚያስፈልጉት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• በይዞታ ላይ የተፈጠረ ሁከት እንዲወገድ የሚቀርብ ክስ፦ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ።

• በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል፦ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ።

• የፍትሐ ብሔር ይግባኝ፦ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ።

• የወንጀል ይግባኝ፦ ይግባኝ ባዩ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለቱን ያስታውቃል፤ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰው በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያቀርባል።

• በሌለበት የተፈረደበት የፍትሐ ብሔር ተከሳሽ፦ ፍርዱን ካወቀ በኋላ በ1 ወር ውስጥ፣ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ ውሳኔው እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል።

• የፍርድ አፈጻጸም፦ የረታ ሰው ፍርዱ እንዲፈጸምለት የሚያመለክተው በ10 ዓመት ውስጥ ነው።

መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። በቀጠሮው ቀን የቀረ ከሳሽም መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። መጥሪያን አለመቀበል ክስን አያስቀርም።

ሽምግልና የሚፈታውና የማይፈታው

በዋግ ኽምራ ሽምግልና ሰፊ ቦታ አለው። የድንበር፣ የብድርና የቤተሰብ ክርክር በሽማግሌ ሲያልቅ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፤ ጉርብትናንም ያስቀጥላል። የገጠር መሬት ሕጎችም ተከራካሪዎች በቅድሚያ በውይይትና በስምምነት እንዲፈቱ ያበረታታሉ። ስምምነቱ በጽሑፍ ቢሰፍርና ወገኖቹና ሽማግሌዎቹ ቢፈርሙበት ኋላ ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ይሆናል። ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በባሕል ወይም በሃይማኖት ዳኝነት እንዲታይ የሚፈቅደው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። አንዱ ወገን ካልፈቀደ ማንም ሊያስገድደው አይችልም።

ይሁንና ሽማግሌ ሲመላለስ የሕጉ ቀን ቆሞ አይጠብቅም። እርቁ እየተሞከረ ቀኑንም መቁጠር ያስፈልጋል። ከባድ ወንጀልም በእርቅ አይዘጋም። በነፍስ ግድያ ሽማግሌዎች ደም አድርቀው በቀልን ሊያስቀሩ ይችላሉ፤ የዐቃቤ ሕግ ክስ ግን ይቀጥላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የጠለፋን ወንጀል ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ጠላፊው ኋላ ልጅቱን ማግባቱም ከተጠያቂነት አያድነውም።

ሰው ሲታሰር

የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው፤ ተገዶ የሰጠው ቃልም በማስረጃነት አይያዝበትም። በአንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ሊፈቅድ የሚችለው ከ14 ቀን አይበልጥም። ሕጉ ካልከለከለ በቀር በዋስ የመፈታት መብትም አለ።

ቤተሰብ ሊያደርግ የሚገባው የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የፖሊስ ጣቢያውን ስምና የቀጠሮውን ቀን መዝግቦ መያዝ ነው። በፍርድ ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ ተከሳሽ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል።

ገንዘብና ቋንቋ እንቅፋት ሲሆኑ

የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ከመክሰስ አይታገድም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በተለምዶ «በደኻ ደንብ መክሰስ» የሚባለውን መንገድ ክፍት አድርጓል። አመልካቹ ያለውን ንብረት በቃለ መሐላ ዘርዝሮ፣ የቀበሌውን ማስረጃ አያይዞ ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱ አጣርቶ ይወስናል። ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጣ የወንጀል ተከሳሽም ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት መጠየቅ ይችላል።

የወንጀል ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል። ኽምጣና ብቻ የሚናገር አዛውንት የሚባለውን ሳይሰማ ራሱን እየነቀነቀ ችሎት ላይ መቆም የለበትም። «አልገባኝም፤ አስተርጓሚ ይመደብልኝ» ማለት ዳኛን መድፈር አይሆንም።

ፍርድ በተሰማበት ዕለት ደግሞ ከግቢው ሳይወጡ ሬጅስትራሩ ዘንድ ሄዶ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባል፦ የመዝገቡን ቁጥር፣ የፍርዱ ግልባጭ የሚሰጥበትን ቀንና የይግባኙን የመጨረሻ ቀን። ማንበብ የማይችል ባለጉዳይ ሦስቱን በወረቀት አስጽፎ ከይዞታ ደብተሩ ጋር ቢያስቀምጥ፣ በማግሥቱ የሚያነብለት ሰው አያጣም።