የስም ጠባቂው

«ዐቃቤ» በግእዙ ጠባቂ ማለት ነው። በጥንቱ ቤተ መንግሥት ዐቃቤ ሰዓት ነበረ፤ በእኛ ዘመን ዐቃቤ ሕግ አለ። የቃሉን ፍቺ የተማርሁት በእንጅባራ ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ክብደቱን ያወቅሁት ግን በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ከራዲዮ ሥር ተቀምጬ ነው።

በዚያ ወር በደርግ ባለ ሥልጣናት ላይ የቀረበው ክስ ችሎት ላይ መሰማት ጀመረ። አንዲት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ልጃቸው በቀይ ሽብር ዘመን እንደ ወጣ ቀርቷል። ሌላው ሰው «ምን ይፈረድባቸው ይሆን?» ሲል፣ እርሳቸው «የልጄን ስም ጠሩት?» ብቻ አሉ።

ልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት በ1984 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 22 ተቋቋመ፤ የመሩትም አቶ ግርማ ዋቅጅራ ነበሩ። ዐዋጁ መክሰስን ብቻ ሳይሆን ግፉን ለትውልድ መዝግቦ ማቆየትንም አዝዟል። ደርግ ግድያን በጽሑፍ ትእዛዝ ያስፈጽም ነበርና ወረቀቱ ራሱ ምስክር ሆነ። ከአርጀንቲና የመጡ ባለሙያዎችም የጅምላ መቃብሮችን መረመሩ። የተከሳሾቹ ቁጥር ከ5,000 በላይ ነበር።

የክሱ ምሰሶ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ነው። የዓለሙ የዘር ማጥፋት ስምምነት የፖለቲካ ቡድንን አይጠቅስም፤ የእኛው ሕግ ግን ይጠቅስ ነበር። እነሆ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ያወጁት ሕግ የንጉሠ ነገሥቱን ገዳዮች ከሰሰ።

ነገሩ 12 ዓመት ፈጀ። ውሳኔውን ሳይሰሙ በእስር የሞቱ ተከሳሾች አሉ፤ ይህ የፍትሕ ዕዳ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ተቀምጠው በሌሉበት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ፤ ዳኞቹም በአንድ ድምፅ አልተስማሙም። በጥር ዕድሜ ልክ ተፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ቅጣቱ ወደ ሞት ከፍ አለ። በ2003 ዓ.ም. በእስር ላይ የነበሩት የሞት ፍርደኞች ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መባቻም ብዙዎቹ ከእስር ወጡ።

ታዲያ ምን ቀረ? መሥሪያ ቤቱ በ2002 ዓ.ም. «ደም ያዘለ ዶሴ» የተባለውን ዘገባ አሳተመ። ጎረቤታችን ግን ከፍርዱ አስቀድሞ ዐረፉ። እርሳቸው የጠየቁት ቅጣት አልነበረም። ዛሬም «ዐቃቤ ሕግ» የሚለውን ቃል ባነበብሁ ቁጥር የሚታየኝ ካባ የለበሰ ባለ ሥልጣን አይደለም፤ ራዲዮ ሥር ሆነው አንድ ስም የሚጠብቁ እናት ናቸው።