በአፈሙዙ የሚጎርሰው ጠመንጃ ለምን ያን ያህል ዘመን ኖረ?

የአሮጌ ጦርነት በተነሣ ቁጥር አንድ ፍርድ አብሮ ይመጣል፤ የቴዎድሮስ ወታደር በጀግንነት ሳይሆን በኋላ ቀር ጠመንጃው ተሸነፈ ይባላል። ፍርዱ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ችግሩ «ኋላ ቀር» የሚለው ቃል ላይ ነው፤ ሰዎቹ የተሻለውን ሳያውቁ፣ ወይም እያወቁ በግትርነት የቀሩ ያስመስላቸዋል። የሀገሬው ተኳሽ ግን ከ300 ዓመት በላይ በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ የኖረው ሁነኛ ምክንያት ስለነበረው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መሣሪያው። «ነፍጥ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው። እዚያ የሚነድ ዘይት ማለት ነበር፤ ኋላ ባሩድን፣ ከባሩድም ጠመንጃውን መጥሪያ ሆነ። ነፍጠኛ ማለትም ነፍጥ የታጠቀ ወታደር ማለት ነበር፤ ቃሉ ከዚያ ወዲህ የዞረበት መንገድ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ነፍጠኛው ባሩዱን በአፈሙዙ ይጨምራል፣ አረሩን ያስከትላል፣ በዘንግ ይጠቀጥቃል። ከዚያ በጎን ካለችው ቀዳዳ አጠገብ ጥቂት ደቃቅ ባሩድ ያኖራል። ቀስ ብሎ የሚነድ ክር ከቃታው ጋር በተያያዘ ቆልማማ ብረት ተይዟል፤ ቃታው ሲሳብ ብረቱ ጎንበስ ይልና ፍሙ ባሩዱን ይነካል። የተካነ ሰው እንኳ በደቂቃ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ቢተኩስ ነው። ዝናብ ከጣለ ክሩ ይጠፋል፣ ባሩዱም ይረጥባል። በሌሊት ደግሞ የክሩ ፍም ከሩቅ እየታየ ባለቤቱን ያሳብቃል። ለአሮጌ ጠመንጃ የወጣው «ቁመህ ጠብቀኝ» የሚለው የፌዝ ስም ለዚህኛው በልኩ የተሰፋ ነው።

ታዲያ ማን ይወደዋል? መልሱ ያለው ጠመንጃው በሚበላው ነገር ነው። ባሩድ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከአፈር ታጥቦ የሚወጣ ጨው መሰል ማዕድን፣ ከሰልና ድኝ። ከሰሉ የትም አለ። ድኙን የአፋር ምድር ይሰጣል። ሸዋ ላይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሰዎች ባሩድ ያዘጋጁ እንደነበር በዘመኑ የመጡ አውሮፓውያን ጽፈዋል። አረሩ እርሳስ ቢሆን መልካም ነው፤ እርሳስ ከጠፋ የተቀጠቀጠ ብረትም ያገለግላል። ክሩን የሚፈትል እጅ አይጠፋም። ከባሕር ማዶ መምጣት የነበረበት በዋናነት ጠመንጃው ራሱ ነው፤ አንዴ ከመጣ በኋላ ግን አባት ለልጅ እያወረሰው፣ የሰፈሩ ቀጥቃጭ እየጠጋገነው፣ ምጽዋ ቢዘጋም ባይዘጋም ይተኩሳል።

በባልጩት ድንጋይ የሚለኮሰው ዓይነት ሲመጣ ጥሩ ድንጋይ ፈለገ። ቀጥሎ የመጣው በካፕሱል የሚተኩሰው ደግሞ ዝናብን የሚቋቋም፣ ፈጣንና አስተማማኝ ነበር፤ ነገር ግን ያቺ የጥፍር ታህል የመዳብ ቆብ ከፋብሪካ እንጂ ከመንደር አትገኝም። ክሩን የሙጥኝ ያለ ሰው ይህን ሁሉ አስልቶ ነበር ማለት ሳይበዛ አይቀርም። ካፕሱል ያለቀበት ጠመንጃ ግን ዱላ እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ ስሌት አያስፈልግም።

ጠመንጃን ከውጭ ሰው እጅ መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ከመጀመሪያው ታይቷል። በ1541 ክሪስቶቫው ዳ ጋማ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ይዞ ምጽዋ ሲወርድ የጦርነቱ ሚዛን ተናጋ። ኢማም አሕመድም ዝም አላሉም፤ የዘቢድ ቱርኮች ወደ 900 የሚጠጉ ነፍጠኞችና መድፎች ላኩላቸው፤ በ1542 ወፍላ ላይ ዳ ጋማ ተሸነፈ፣ ተይዞም ተገደለ። ኢማሙ ከድሉ በኋላ 200 ያህል ብቻ አስቀርተው የቀሩትን ቱርኮች አሰናበቱ። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ዐፄ ገላውዴዎስና የተረፉት ፖርቱጋሎች ሲገጥሟቸው ኢማሙ በጥይት ወደቁ። ሁለቱም ወገኖች የገቡበት እሳት የሌላ ሰው እሳት ነበር።

ከዚያ በኋላ በዘመነ መሳፍንት ነፍጥ የበዛው ወደ ባሕሩ በቀረበው ዘንድ ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል ጎንደር ላይ ንጉሥ ሻሪና ሿሚ የሆኑት በትግራይ ነፍጠኞች ጉልበት ነው። ጠመንጃ ብቻውን ግን አገር አይገዛም። በ1831 ማይ ኢስላማይ ላይ ደጃዝማች ሱባጋዲስ በነፍጥ ብዛት ይበልጡ ነበር። የራስ ማርዬ ፈረሰኛ ግን አሸነፈ፤ ማርዬ በጦርነቱ ሞቱ፣ ሱባጋዲስም ተይዘው ተገደሉ። ምሥጢሩ እዚያችው ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ነፍጠኛው አንዴ ተኩሶ እንደገና እስኪያጎርስ ድረስ ፈረስ ብዙ መንገድ ይሄዳል።

ይህን ከማንም በላይ የተማሩት ቴዎድሮስ ናቸው። ገና ካሳ እየተባሉ በ1848 ደባርቂ ላይ የግብፅ ወታደር በረድፍ ቆሞ፣ በትእዛዝ እየተኮሰ ሠራዊታቸውን መታው። ትምህርቱ ጠመንጃው ሳይሆን ረድፉ ነበር፤ አንዱ ሲያጎርስ ሌላው ይተኩሳል። ከዚያ ወዲህ ሰው ማሠልጠን፣ ጋፋት ላይ መድፍ ማስቀለጥ፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ ባለሙያ ላኩልኝ ብሎ መጻፍ ተከተለ። ልብ መባል ያለበት ጠመንጃ ብቻ ላኩልኝ አለማለታቸው ነው፤ የሚሠራውን እጅ ነበር የፈለጉት።

ሚያዝያ 10 ቀን 1868 አሮጌ ሜዳ ላይ የፊታውራሪ ገብርዬ ጦር ቁልቁል ሲወርድ አብዛኛው የያዘው በካፕሱል ወይም በክር የሚተኩስ ጎራሽ ነው። ከፊት የጠበቀው የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ግን ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር፣ ሀገሬው ሰናድር ያለውን፣ ታጥቋል። በሰዓታት ውስጥ 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ገብርዬም ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ሲሆን ሁለቱ ሞቱ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን እዚያው ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጋር የተሰለፉት የፑንጃብ ወታደሮች የያዙትም የድሮውን ጎራሽ መሆኑ ነው። ከ1857ቱ የሕንድ አመፅ ወዲህ እንግሊዝ የተሻለውን መሣሪያ ለሕንዶቹ ለመስጠት አታምንም ነበር። ማን ምን ዓይነት ጠመንጃ ይያዝ የሚለው የዕውቀት ጥያቄ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ይቸግራል።

ከአሮጌ በኋላ ክርክሩ አለቀ። ዐፄ ዮሐንስ በ1875 እና በ1876 ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆችን ድል ነሥተው ረሚንግቶን ማረኩ። አውሮፓ ደግሞ አሮጌውን ወደዚህ ማራገፍ ጀመረች። በ1887 ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከሁለት ሺህ በላይ የካፕሱል ጠመንጃ በግመል ጭኖ እንጦጦ ደረሰ፤ ቤልጅግ አገር በ7 እና 8 ፍራንክ የሚገኝ ዕቃ ሲሆን በ40 ገደማ ለመሸጥ አስቦ ነበር። ምኒልክ የጠመንጃን ዘመን ከነጋዴው አሳንሰው የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። ዋጋውን ቀነሱበት፤ ራምቦም እያማረረ ሄደ።

የተፈለገው ሰናድር፣ ረሚንግቶንና ፈረንሳዮቹ ግራ የሚሉት፣ በእኛ አፍ ወጅግራ፣ ነበር። አድዋ የዘመተው ሠራዊት የታጠቀው በዋናነት ይህን ዓይነቱን ነው። ዋጋው ግን ሌላ ቦታ ተከፈለ። ባሩድና አረር ከሀገር ቢገኙም ጥይት ከፋብሪካ ነው፤ ከወደብ እስከ ሸዋ ድረስ የሚመጣበት መንገድም በሌላ መንግሥት እጅ ነበር። የወጅግራ ጥይት እጅግ ከመፈለጉ የተነሣ በየገበያው ከአሞሌው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይመነዘር ጀመር።

በ1935 ጣልያን ለወረራ ስትሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ በሁለቱም ወገን ላይ የመሣሪያ ሽያጭ እገዳ ጣሉ። ጣልያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት። ኢትዮጵያ የነበራት ጥይቱ ተቆጥሮ የሚሰጥ ጠመንጃና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ነው፤ ሐዲዱም የፈረንሳዮች ነበር።