የእንቁራሪት ጭራና የደጋ ጨው

አንድ በሽታ ተረትና ምሳሌ ውስጥ የሚገባው ከሰው ጋር ብዙ ዘመን አብሮ ሲኖር ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው እንቅርት ብርቅ ባልሆነበት ደጋ ስለኖርን ነው። የእንቅርትን ምስጢር ለመፍታት ከረዱት ፍጥረቶች አንዷ፣ በስም እንኳ የምትቀርበው እንቁራሪት መሆኗን ግን ብዙዎቻችን አልሰማንም።

ክረምቱ ሲወጣ በላስታ ተዳፋት፣ ከብት በረገጠው ጭቃ ላይ በቀረች ውኃ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ ራስና ጭራ ብቻ የሆኑ ጥቋቁር የእንቁራሪት እጮች ሲርመሰመሱ ያገኛል። ልጆች ሳለን ጭራው አንድ ቀን ተበጥሶ የሚወድቅ ይመስለን ነበር። አይወድቅም። የእጯ ሰውነት ራሱ ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል።

ይህን ለውጥ በጥንቃቄ የመዘገቡት ኔዘርላንድ ውስጥ በዩትሬክት ከተማ፣ ሁብሬክት በተባለው ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት ፒተር ኒውኮፕና ዮብ ፋበር ናቸው። በ1956 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የደቡብ አፍሪካዋን ባለጥፍር እንቁራሪት፣ ዜኖፐስ ሌቪስን፣ ዕድገት በ66 ደረጃ ከፋፍለው በሰንጠረዥ አሳተሙ። ዘመዷ ዜኖፐስ ክሊቪ የእኛው ናት፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ኩሬዎች ትኖራለች።

በሰንጠረዡ መሠረት የዳበረው እንቁላል በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ለሁለት ይከፈላል። ሁለት ቀን ያህል ሲሆነው እጯ ከእንቁላሉ ወጥታለች። ቆዳዋ ብርሃን ያሳልፋል፤ ልቧ ሲመታ በማጉያ መነጽር ይታያል። ከዚያ ሳምንታት ያልፋሉ። 58ኛው ደረጃ ላይ የፊት እግሮቿ ቆዳውን በስተው ብቅ ይላሉ፤ ይህን ጊዜ ጾም ትገባለች። ምግብ ትተዋለች፤ አልጌ ሲፈጭ የኖረው ረጅሙ አንጀቷ ከርዝመቱ ሦስት አራተኛ ያህሉን ያጣል፤ ጭራዋ ይሟሟል። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል 66ኛው ደረጃ ላይ ጭራ የሌላት ትንሽ እንቁራሪት ሆና ትገኛለች።

ግን «አሁን ተለወጪ» ብሎ የሚያዛት ማን ነው? መልሱ ሰንጠረዡ ከመታተሙ ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ ተገኝቷል። በ1912 ፍሬድሪክ ጉደርናች የፈረስ ታይሮይድ ዕጢ ለእጮች አበላ፤ ጊዜያቸው ሳይደርስ ኢምንት እንቁራሪቶች ሆነው አረፉት። በ1916 ደግሞ አሜሪካዊው ቤኔት አለን ገና ከጅምሩ ታይሮይዳቸውን ቆርጦ አወጣ። እነዚያ እጮች ማደጉን አደጉ፤ እግር አውጥቶ ከውኃ መውጣት ግን አልሆነላቸውም። ያ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን በታይሮይድ ውስጥ መኖሩን በ1895 ያገኘው ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ደጋችን ይመለሳል። በ1520ዎቹ ላሊበላን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው በአገራችን እንደ ገንዘብ ሲመነዘር መመልከቱን ጽፏል። አሞሌ የሚባለው ይህ ጨው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ሰቆጣ ገበያ ወርዶ ወደ ደጋው ይዘልቅ ነበር። ያ ሁሉ መንገድ የተደከመለት የዓለት ጨው አዮዲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የተራራውን አፈር አዮዲን ደግሞ የዘመናት ዝናብ አጥቦ ወስዶታል። የሰውም ታይሮይድ የሚፈልገውን አዮዲን ሲያጣ ያብጣል፤ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን በአንገት ላይ የማይታየው ነው፦ እናት በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን ካጣች የልጇ አእምሮ ይጎዳል።

ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን የተጨመረበት ጨው በ1998 ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት ተቋረጠ፤ ቦታውን የተካው የአፍዴራ ጨው ለረጅም ጊዜ አዮዲን አልነበረውም። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በ2011 ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑ ቤቶች ነበር፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ ደረሰ።

አዮዲን ግን እሳት አይወድም፤ ይተናል። ስለዚህ ዛሬ ላስታ ውስጥ ነገሩን የሰማች እናት ጨዋን ክዳን ባለው ዕቃ ከምድጃው አርቃ ታስቀምጣለች፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ትቆነጥርና ትነሰንሰዋለች።