ከሞቲው ግቢ እስከ ማዘጋጃ ቤት
የነቀምቴና የወለጋ ከተሞች አስተዳደር ታሪክ

ነቀምቴ ውስጥ ባኬ ጃማ የሚባል ሠፈር አለ። «ባኬ» በኦሮምኛ ሜዳ ወይም ገላጣ ስፍራ ማለት ነው። ዛሬ ሠፈሩ ቤትና ሕዝብ የሞላበት ሲሆን ስሙ ግን ከቤቱ በፊት መሬቱ እንደ ነበረ ያሳስባል። የአንድን ከተማ አመሠራረት ለመመርመር የሚነሣ ሰውም ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ መሬቱ የማን ነበር? በማን ትእዛዝስ ቤት ተሠራበት? ገቢው ወደ ማን ሄደ? ካርታ ከመነሣቱና መንገድ ከመቀየሱ በፊት ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሰጠው መልስ የከተማውን መልክ አስቀድሞ ወስኖታልና።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ከተቈረቈሩት ከተሞች ብዙዎቹ የጦር ሠፈር እንደ ነበሩ ይታወቃል። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ በመጀመሪያ የንጉሥ ወይም የጦር አበጋዝ ሠራዊት የሠፈረበትን ጉብታ የሚያመለክት ነበር። ነቀምቴ ግን በሌላ መንገድ ያደገች ከተማ ናት። መነሻዋ ከሩቅ የመጣ ሠራዊት ሠፈር ሳይሆን የአገሬው ገዥ ቤት ነው። ይህ ልዩነት ለከተማዪቱ ጥቅምም ጉዳትም አስከትሏል፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሁለቱን አመዛዝኖ ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የበከሬ ቤት መነሣት

የሌቃ ኦሮሞ ይተዳደር የነበረው በገዳ ሥርዓት ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግን ንግድ እየሰፋ፣ በጎረቤት መካከል የሚደረገው ጦርነትም እየበዛ ሲሄድ፣ በየጊዜው የሚመረጠው የጦር መሪ ሥልጣኑን ለተተኪ ማስረከቡን ተወ። በነቀምቴ አካባቢ ከእነዚህ መሪዎች መካከል ጐልተው የወጡት በከሬ ጎዳና ናቸው። በ1868 ልጃቸው ሞሮዳ በከሬ ሲተኳቸው ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ፤ ገዥውም «ሞቲ»፣ ማለት ንጉሥ፣ ተባለ።

ስፍራው ለገዥነት መቀመጫ የተመቸ ነበር። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ የዴዴሳ፣ በስተ ሰሜን የአንገር ቈላ ተዘርግተዋል። የሲራራ ነጋዴ ደግሞ የወባና የማጥ ስፍራ የሆነውን ቈላ ቶሎ አቋርጦ በደጋው ጀርባ ላይ መጓዝን ይመርጥ ነበር። ከአባይ ማዶ ከጎጃም የሚመጣው ነጋዴ በጉድሩ በኩል በአሰንዳቦ ገበያ አልፎ ወደ ሌቃ ይገባ ነበር፤ በሌቃ ምድርም ቢሎ የታወቀች የነጋድያን ገበያ ነበረች። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ማር ከምዕራብ ይመጣሉ፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ከሰሜን ይወርዳሉ። በዚሁ መንገድ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይሸጥ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። የበከሬ ቤት ኃይል የተመሠረተው ይህን መተላለፊያ በመቈጣጠሩ ላይ ነው።

ሳይዋጉ የተገኘ ውል

ሞሮዳ በመጀመሪያ ለጎጃም ገብረው ነበር። ሰኔ 6 ቀን 1882 በእምባቦ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ከማረኩ በኋላ ግን ከአባይ በስተ ደቡብ ያለው አገር ዕጣ ተወሰነ። ሞሮዳ የኃይሉን ሚዛን ተመልክተው በራስ ጎበና ዳጬ በኩል ሳይዋጉ ገቡ። ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ተባሉ፤ ልጃቸው ኩምሳም ገብረ እግዚአብሔር በሚል ስመ ጥምቀት ንጉሥ ምኒልክ የክርስትና አባት ሆኗቸው። ውሉ በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፤ ሌቃ ነቀምቴ በየዓመቱ ግብሩን ይከፍላል፣ በዘመቻ ጊዜ ይዘምታል፤ በዚህ ፈንታ አገሩ በራሱ ባላባት ይተዳደራል፣ መሬቱም ለነፍጠኛ አይተከልበትም።

የውሉ ጽናት የተፈተነው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ከሱዳን የተነሣው የማህዲስቶች ጦር በቤኒ ሻንጉል በኩል ወደ ወለጋ ዘልቆ በገባ ጊዜ ጥቅምት 14 ቀን 1888 በጉቴ ዲሊ በተደረገው ጦርነት ራስ ጎበና ድል አደረጉት፤ የሞሮዳም ሠራዊት ከእርሳቸው ጋር ተሰልፎ ነበር። ሞሮዳ በ1889 ሲሞቱ ሥልጣኑ ያለ ክርክር ለልጃቸው ለደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተላለፈ።

በዚያው ዘመን በቱርክ ግዛት

ይህ ዐይነቱ አስተዳደር በሌቃ ብቻ የታየ አልነበረም። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት በግብፅ በኩል ለወለጋ ጎረቤት ነበር። የግብፅ ጦር በ1821 ሰናርን ከያዘ ጀምሮ እስከ ፋዞግሊ ድረስ ወርቅና ባሪያ ሲፈልግ ኖሯል፤ መሐመድ ዓሊ ራሱም ስለ ወርቁ ሲል በ1838ና በ1839 መካከል እስከዚያው ድረስ ወርዷል። ግብፅም ራስዋ ለኢስታንቡል ግብር የምትከፍል፣ ከ1841 ጀምሮ ግን ገዥነቱ በመሐመድ ዓሊ ዘር እንዲወረስ የተፈቀደላት አገር ነበረች። ስለዚህ የካይሮው ቤትና የነቀምቴው ቤት በስፋታቸው ባይወዳደሩም፣ ከበላይ መንግሥት ጋር የነበራቸው ግንኙነት መሠረቱ አንድ ነበር፤ ግብር መክፈልና ሥልጣንን ለልጅ ማውረስ።

ኢስታንቡል በቀጥታ በምትገዛቸው አገሮች ግን አሠራሩ ሌላ ነበር። በ1864 በወጣው የክፍላተ ሀገር ሕግ መሠረት ግዛቱ ቪላየት፣ ሳንጃቅና ካዛ ተብሎ በደረጃ ተከፋፈለ፤ የየአገሩ ባላባት በሹመኛ ተተካ፤ በየደረጃውም የአገር ሽማግሎች የሚገኙበት ምክር ቤት ተቋቋመ። በ1877 ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ሕግ ወጣ። በተግባር ብዙ ጉድለት ቢኖርበትም ከተማ ከገዥው ቤት ተለይቶ የራሱ ገንዘብና የራሱ ምክር ቤት ያለው አካል ሊሆን ይገባዋል የሚለው አሳብ በሕግ ሠፈረ። ነቀምቴ ያልነበራት ይኸው ነው።

ወርቅ፣ ገመድና ደብዳቤ

የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ግቢ መኖሪያ ብቻ አልነበረም። ግምጃ ቤትም፣ ችሎትም፣ ጽሕፈት ቤትም ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ትእዛዝ የሚነበበውና ወደዚያ የሚላከው ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚመዘነው በዚያው ነበር። ዛሬም የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት በመባል የታወቀው ይህ ግቢ የከተማዪቱ ዋነኛ ቅርስ ነው። በግቢው ውስጥ ተጠብቀው የቈዩት ደብዳቤዎችም በአሌሳንድሮ ትሪዩልዚና በተሰማ ታአ ተሰብስበው በ2004 ታትመዋል። ከ1880ዎቹ መጨረሻ እስከ 1930ዎቹ ያለውን ዘመን የሚሸፍኑት እነዚህ በአማርኛ የተጻፉ ሰነዶች አንድ የክፍለ ሀገር አስተዳደር ከዕለት ወደ ዕለት እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ያሳያሉ።

የዚህን ውል ዋጋ ማን ከፈለው? ነፍጠኛ አለመተከሉ ለሌቃ ገበሬ ትልቅ ዕረፍት እንደ ነበር አያጠራጥርም። ሆኖም ግብሩ ከሰማይ አልወረደም። ገባሩ የአገሩን ባላባት ቤትም የንጉሠ ነገሥቱን ግምጃ ቤትም ተሸክሟል። መንግሥቱ መሣሪያ ለመግዛት ወርቅና የዝሆን ጥርስ በፈለገ ቍጥር ጥያቄው በደጃዝማቹ አልፎ የሚያርፈው በመጨረሻው ሰው ጫንቃ ላይ ነበር። ደጃዝማቹ ግብሩን ባያደርሱ ሥልጣናቸው ይናጋል፤ ለማድረስ ሲሉ ደግሞ የገዛ ወገናቸውን ማስጨነቅ ግድ ይሆንባቸዋል። የራስ አስተዳደር ከነክብሩ ይህን ጭንቅ ይዞ ነበር።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ደግሞ የቀላድ ገመድ ወደ ሌቃ ገባ። መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ በጋሻ ተለካ፤ ጋሻውም በተለምዶ ወደ 40 ሄክታር የሚገመት ነው። ገመዱ የልኬት መሣሪያ ቢሆንም የሚለካው መሬቱን ብቻ አልነበረም። ቀድሞ በዘርና በአቅኚነት ይታወቅ የነበረው ይዞታ ወሰኑ በመዝገብ የሚታወቅ፣ የሚከፈልበት፣ የሚሰጥና የሚሸጥ ንብረት ሆነ። ገመድ ያዡ ምልክቱን ሲተክል ከአንዱ ወገን ባለ ርስት፣ ከሌላው ወገን ጭሰኛ ተፈጥሯል።

በጎረቤት ያለችው ሌቃ ቄለም ዕጣዋ ሌላ ሆነ። የቄለሙ ደጃዝማች ጆቴ ቱሉም እንደ ሞሮዳ ሳይዋጉ ገብረው አገራቸውን ይዘው ነበር። ነገር ግን አገሩ ለሱዳን ወሰንና ለባሮ ወንዝ ንግድ የቀረበ በመሆኑ ማዕከላዊው መንግሥት በቀጥታ ሊይዘው ፈለገ፤ ጆቴ ከሥልጣን ወርደው በቦታቸው ከመሃል አገር የተላኩ ሹማምንትና ወታደሮቻቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ ደምቢ ዶሎ ያደገችው በሹመኛ ሥር ነው፤ ነቀምቴ ግን በባላባት ሥር ቈየች። በአንድ ወለጋ ውስጥ ሁለት ዐይነት ከተማ ተፈጠረ ማለት ነው።

የባሮ በርና የትምህርት ቤት

ግንቦት 15 ቀን 1902 ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ይህም የጋምቤላ ጣቢያ ነው። የባሮ ውሃ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች እስከዚያ ድረስ ይወጡ ነበር፤ በበጋ ግን ወንዙ ስለሚጐድል ጣቢያው ጸጥ ይላል። በዚህም ምክንያት የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ወደ ምዕራብ የሚወርድበት በር ተከፈተ። የግሪክ፣ የሶርያና የአርመን ነጋዴዎች በጎሬ፣ በደምቢ ዶሎና በነቀምቴ ሱቅ ከፈቱ። በ1920ዎቹም በዩብዶ የፕላቲን ማዕድን መቈፈር ጀመረ። የወለጋ ከተሞች የገበያ አቅጣጫ ከአባይ ማዶ ወደ ባሮ ዞረ።

ከንግዱ ሌላ የከተማዪቱን መልክ የለወጠው ትምህርት ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጐሙት ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1904 ነቀምቴ ሲደርሱ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው፤ ኦኔሲሞስም በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ። ብዙ ሳይቈይ ከካህናት ወገን ክስ ተነሥቶባቸው በ1906 እንዳያስተምሩ ተከለከሉ፤ በ1916 ከልጅ ኢያሱ እንደገና ፈቃድ አገኙ። ያን ጊዜ ነቀምቴ የግቢው ደብዳቤ በአማርኛ የሚጻፍባት፣ የሕፃናት ንባብ በኦሮምኛ የሚሰማባት ከተማ ነበረች። ሆኖም የመምህሩ ዕድል በአንድ ባላባት ቸርነትና በአንድ ቤተ መንግሥት ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ዋስ የሚሆን የከተማ አካል አልነበረም።

የቤቱ መውደቅና የማዘጋጃ ቤት መምጣት

የዚህ ሥርዓት ደካማ ጐን የተገለጠው በ1936 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ አባታቸውን የተኩት ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ከሌሎች የምዕራብ ባላባቶች ጋር ሆነው አገሩ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንዲሆን ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው ግን አልተሳካም። በዚያው በሰኔ ወር በነቀምቴ አቅራቢያ በቦነያ ያረፉትን የጣልያን አውሮፕላኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች አቃጥለው የመጡትን መኰንኖች ገደሉ። ደጃዝማቹ በኋላ ለጣልያን ገቡ፤ በ1937ም ሞቱ። ጣልያን ወለጋን ማዕከሉ ጅማ በሆነው በጋላና ሲዳሞ ግዛት ውስጥ ጨመራት። አራት ትውልድ ያስተዳደረው ቤት ሲወድቅ ግምጃ ቤቱ፣ ችሎቱና ጽሕፈት ቤቱ አብረውት ወደቁ፤ ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ነበሩና።

ከነፃነት በኋላ በ1942 በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ወለጋ ጠቅላይ ግዛት፣ ነቀምቴም ዋና ከተማዋ ሆነች፤ ገዥውም ከአዲስ አበባ የሚሾም ሆነ። በ1945 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 74 ለከተሞች በሕግ የታወቀ አካል ሰጣቸው። ቱርክ በ1877 የደነገገችው ዐይነት አሳብ በኢትዮጵያ የሕግ መልክ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ሆኖም ድምፁ የባለ ርስቱ ስለ ነበረ ቀላድ የተከለው የወሰን ድንጋይ በከተማ ምክር ቤትም ውስጥ ይታይ ነበር። ይህ ድንጋይ የተነቀለው በ1975 የገጠርና የከተማ መሬት በዐዋጅ የመንግሥት ወይም የሕዝብ ሲሆን ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለሙያው ቅርብ ነው። የነቀምቴ ውል ከተማዪቱን ከጦር ሠፈርነት አዳናት፤ ነገር ግን የከተማዪቱን ሕይወት በአንድ ቤት ዕድሜ ለካው። መንገድ፣ የውሃ መስመርና ገበያ በጥሩ ስሌት ሊሠሩ ይችላሉ፤ የሚጠግናቸው፣ የሚከፍልላቸውና ባለቤት ነኝ የሚል የነዋሪዎች አካል ከሌለ ግን ከሠሪው ጋር ያረጃሉ። ፕላን የሚነድፍ ባለሙያ ከመሬቱ ከፍታና ከአፈሩ ጠባይ ጋር የይዞታውን ታሪክ ቢመረምር ብዙ ስሕተት ያስቀራል። የድሮው ግቢ ግንቦችና ደብዳቤዎች ተጠብቀው ሊቈዩ የሚገባቸውም ለጌጥ ሳይሆን ስለዚህ ነው። ባኬ ጃማ ዛሬም ስሙን እንደ ያዘ ነው፤ ሜዳው ግን ቤት ሞልቶበታል፤ የቤቶቹ ወሰንም በየዘመኑ በተገባው ውል መሠረት የተቀየሰ ነው።